አምስት ወደ ላይ፣ አምስት ወደ ታች፦ የቤተ ክርስቲያንን መሠረትና ሥልጣን ከመጽሐፍ ለማስጠናት

ድሬዳዋ ውስጥ ለቅሶ ድንኳን ሥር ሁለት ነገር አይጠፋም፤ ካርታና የሃይማኖት ክርክር። ካርታው ሲሰለች አንዱ ቀና ብሎ «ለመሆኑ ቄሱን እሰር ፍታ ያለው ማነው?» ይላል። ሌላው ማቴዎስ 16ን ይመዝዛል፤ ሦስተኛው «እሱ ለጴጥሮስ ብቻ የተባለ ነው» ብሎ ያቋርጠዋል፤ አራተኛው «መጽሐፍ ብቻ!» ይላል። ከዚያ ወዲያ የሚናገር እንጂ የሚሰማ አይገኝም።

ከምድር ባቡር በጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማታ ማታ በከዚራ ሰፈር ባለው ግቢዬ ውስጥ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቤ መጽሐፍ አስነብባለሁ። ይህ ጥያቄ እየዞረ ይመጣል። እንግዲህ እንደኔ ሰው ሰብስቦ ማስጠናት ለሚፈልግ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር፣ ወይም ልጆቿ በሦስት ቤተ እምነት ለሚያመልኩባት እናት (በኛ ከተማ ይህ ብርቅ አይደለም) የምንሠራበትን መንገድ ልጻፍ።

ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ እኔ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ነኝ፤ የማስጠናውም እዚያው ቆሜ ነው። ከኛ ጋር ግን ካቶሊክ ጎረቤታችን እትዬ አሉ፤ ወንጌላውያን ዘንድ የሚያመልክ የእህቴ ልጅ አለ። አንዳንዴም የልጆቹ ሙስሊም ጓደኛ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ሆጃውን እየጠጣ ያዳምጣል፤ ከሁሉ የሚከብደውን ጥያቄ የሚያመጣውም እሱ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሰው ከስምንት አይብለጥ። ከበለጠ ጉባኤ ይሆናል፤ በጉባኤ ላይ ደግሞ ሰው ይሰብካል እንጂ አይጠይቅም። የድሬን ፀሐይ ታውቋታላችሁ፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል በፊት የተጀመረ ጥናት ጠብ ይወልዳል። በቁልቢ ሰሞን፣ በታኅሣሥም በሐምሌም፣ አትሞክሩት፤ ግማሹ ሰው መንገድ ላይ ነው፣ ግማሹ እንግዳ ሲቀበል ይውላል። የፍልሰታ ምሽቶች ለኛ ለጾመኞቹ ይመቻሉ።

ለእያንዳንዱ ሰው የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ ይኑር። ስልክ ላይ ያለውን አልጠላም፤ ለዚህ ጥናት ግን አይሆንም። ስልክ የፈለግኸውን ቁጥር ነጥሎ ያወጣልሃል፤ ከላይና ከታች ያለው ከዓይን ይርቃል። እኛ ደግሞ የምንፈልገው ከላይና ከታች ያለውን ነው።

«መጽሐፍ» ስንል ስለ የትኛው እንደምንናገር በመጀመሪያው ምሽት ተስማሙ። በኛ ቤተ ክርስቲያን ቅዱሳት መጻሕፍት 81 ናቸው፤ 46ቱ ብሉይ፣ 35ቱ ሐዲስ። ከ35ቱ ውስጥ ስምንቱ እንደ ሥርዓተ ጽዮን፣ አብጥሊስ፣ ዲድስቅልያ ያሉ የሥርዓት መጻሕፍት ናቸው፤ ስለ ጳጳስ፣ ስለ ቄስ፣ ስለ ዲያቆን ሹመት በዝርዝር የሚናገሩት እነሱ ናቸው። የካቶሊኮቹ ቁጥር 73፣ የወንጌላውያኑ 66 ነው። አንዱ ከዲድስቅልያ ሲጠቅስ ሌላው «እሱማ መጽሐፍ ቅዱስ አይደለም» ቢለው ሁለቱም ከየራሳቸው መደርደሪያ ተነሥተው ነው የተናገሩት። ስለዚህ ለዚህ ጥናት በሁላችን እጅ ያሉትን 27ቱን የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት፣ ከብሉይ ደግሞ ኢሳይያስን፣ አሞጽንና መዝሙረ ዳዊትን ያዙ። መዝሙሩን ስትጠሩ ቁጥሩ እንዳያምታታችሁ፤ በግዕዙ ዳዊት 117 የሆነው በሌላው እትም 118 ነው።

ሕጋችን አንድ ነው። ማንም ጥቅስ ሲያወጣ፣ እኔም ጭምር፣ ከዚያ ቁጥር አምስት ወደ ላይ፣ አምስት ወደ ታች ጮክ ብሎ ያነብባል፤ ሳያነብብ ማብራሪያ አይሰጥም። አምስቱ አሳቡን ካልጨረሰ ይቀጥላል። ከዚያ ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ ሰጪው ማን ነው? ተቀባዩ ማን ነው? የተሰጠውስ ምን እንዲሠራበት ነው? ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥልጣን የሚናገሩትን ጥቅሶች በዚህ መንገድ ስታነቡ ሥልጣኑ ብቻውን የቆመበት ቦታ እንደሌለ ታያላችሁ። ከጎኑ ሁልጊዜ ሥራ አለ፤ ብዙ ጊዜም የተቀባዩ ድካም አብሮ ተጽፏል።

መሠረቱን አስቀድሙ

ሥልጣንን ከመሠረት በፊት አታንሡ። ልጆቹን «ቤተ ክርስቲያንን ማን ሠራት?» ብላችሁ ጀምሩ። እኔ ዘንድ አንዱ ፈጠን ብሎ «ራስ መኰንን!» አለ፤ ግቢው በሳቅ ተናጋ። ልጁ ግን ከሜዳ ተነሥቶ አልመለሰም። የቁልቢ ገብርኤልን ከዓድዋ ድል በኋላ ያሠሩት ራስ መኰንን ናቸው፤ ሐረር ፈረስ መጋላ ያለውም መድኃኔ ዓለም የሳቸው ሥራ ነው። በዚያው አጋጣሚ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃውም፣ የምእመናኑ ጉባኤም፣ እያንዳንዱ ክርስቲያንም መሆኗን አስረዱና እለፉ፤ ብዙ አትቆዩበት።

የመጀመሪያው ጥቅስ 1ኛ ቆሮንቶስ 3፥11 ይሁን፤ ከተመሠረተው በቀር ሌላ መሠረት የሚመሠርት የለም፣ እርሱም ኢየሱስ ክርስቶስ ነው ይላል። አምስት ወደ ላይ ስትወጡ ቁጥር 6 ላይ ጳውሎስ እኔ ተከልሁ፣ አጵሎስም አጠጣ ሲል ታገኙታላችሁ። የቆሮንቶስ ሰዎች «እኔ የጳውሎስ ነኝ፣ እኔ የአጵሎስ ነኝ» እያሉ ተከፋፍለው ነበር። የመሠረት ነገር የተነሣው በዚህ ወገንተኝነት ምክንያት ነው፤ ይህን ሳያውቁ ቁጥር 11ን መጥቀስ ግማሹን መተው ነው። አምስት ወደ ታች ስትወርዱ ደግሞ በመሠረቱ ላይ አንዱ በወርቅ፣ አንዱ በእንጨት፣ አንዱ በሣር ያንጻል፤ እሳት ይፈትነዋል፤ ቁጥር 16 ላይ እናንተ የእግዚአብሔር ቤተ መቅደስ ናችሁ ይላቸዋል።

ወዲያው ኤፌሶን 2፥20ን አምጡ። እዚያ «በሐዋርያትና በነቢያት መሠረት ላይ ታንጻችኋል» ይላል። የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ይሄ ከፊተኛው ጋር አይጋጭም?» ብሎ ነበር። ቶሎ አትመልሱ፤ ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ያንብበው። የማዕዘኑ ራስ ድንጋይ ክርስቶስ ራሱ ነው ይላል። ሐዋርያት መሠረት የተባሉት ስለ እርሱ በመመስከራቸው፣ ትምህርታቸውም የቤቱ መቆሚያ በመሆኑ ነው። ወደ ላይ ስትወጡ ደግሞ ቁጥር 19 «ከእንግዲህ ወዲህ እንግዶችና መጻተኞች አይደላችሁም» ይላል፤ አሕዛብና አይሁድ በአንድ ቤት የገቡበት ምዕራፍ ነው። የራእይ 21፥14 አሥራ ሁለት መሠረቶችና በላያቸው የተጻፉት የአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ስሞች እዚህ ላይ ቢነበቡ ጥሩ ነው። ስለ ድንጋዩ ኢሳይያስ 28፥16ንና ዳዊት 117፥22ን አስነብባችሁ በ1ኛ ጴጥሮስ 2፥4–8 ዝጉት። ጴጥሮስ ራሱ ሕያው ድንጋይ የሚለው ክርስቶስን ነው፤ ምእመናኑንም ሕያዋን ድንጋዮች ይላቸዋል። ይህን ቦታ አስምሩበት፤ ማቴዎስ 16 ላይ ስትደርሱ ይጠቅማችኋል።

በመሠረትና በሥልጣን መካከል ያለውን ልዩነት የማስረዳው በሥራዬ ነው። ድሬዳዋ ራሷ በ1895 ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ስለሆነች ማንም ይገባዋል። የጣቢያው ሹም ባቡር ያቆማል፣ ባቡር ይለቃል፤ እሱ ሳይፈቅድ ማሽኒስቱ አይንቀሳቀስም። ሐዲዱን ግን እሱ አላነጠፈውም፤ ወደ ወደደበት አቅጣጫም ሊያጣምመው አይችልም።

ማቴዎስ 16 ላይ ጊዜ ስጡ

ሁሉም ሰው ይህን ምሽት ነው የሚጠብቀው። አንድ ምሽት አይበቃውም፤ አትቸኩሉ።

ቁጥር 18 «አንተ ጴጥሮስ ነህ፥ በዚችም ዓለት ላይ ቤተ ክርስቲያኔን እሠራለሁ» ይላል። አምስት ወደ ላይ ስትቆጥሩ በትክክል ቁጥር 13 ላይ ታርፋላችሁ፤ ጌታ ወደ ፊልጶስ ቂሣርያ አገር ሲደርስ። ቦታው በአርሞንኤም ተራራ ግርጌ ነው፤ ከዮርዳኖስ ምንጮች አንዱ ከዚያ ይነሣል። በገደሉ ሥር ባለው ዋሻ አሕዛብ ፓን ለሚሉት ጣዖት ይሰግዱ ነበር፤ ከተማዋም በቄሣር ስም ተጠርታለች። «የገሃነም ደጆችም አይችሉአትም» የተባለው በጣዖት ዋሻና በቄሣር ከተማ አካባቢ መሆኑን ልጆቹ ሲያውቁ ጥቅሱ ይከብድባቸዋል። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፦ ሰዎች ማን ይሉኛል? እናንተስ? ጴጥሮስ መሰከረ፤ ጌታም ይህን የገለጠልህ አባቴ ነው፣ ሥጋና ደም አይደለም አለው።

አምስት ወደ ታች ስትወርዱ ደግሞ ቁጥር 23 ነው፤ «ወደ ኋላዬ ሂድ፥ አንተ ሰይጣን»። ቁጥር 19 ላይ የመንግሥተ ሰማያት መክፈቻ የተሰጠውና ሰይጣን የተባለው አንድ ሰው ነው፤ በመካከላቸው ያሉት ቁጥሮች ሦስት ብቻ ናቸው። ጴጥሮስ የተገሠጸው መስቀሉን እንዲተው ጌታን ሊመክር ስለ ሞከረ ነው። ሁለቱን አብራችሁ ስታነቡ ከአባት የተቀበለውን ሲናገር ዓለት፣ ከራሱ ሲናገር ዕንቅፋት መባሉን ታያላችሁ። ይህን በራሳቸው ሲደርሱበት ዝም በሉ፤ እናንተ አትንገሯቸው።

ዓለቱ ማን ነው በሚለው ላይ የየቤተ እምነቱን አስተያየት ባለቤቶቹ እንዲናገሩ አድርጉ። እኔ የካቶሊኩን አቋም ለእትዬ እተዋለሁ፤ እሳቸውም ጴጥሮስ ራሱ ዓለት መባሉን፣ መክፈቻውም ለሮሙ ጳጳስ መተላለፉን ከልጅነታቸው የተማሩትን ይናገራሉ። ካፑቺን አባቶች ሐረር ከገቡ ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆነ ይህ ትምህርት ለአገራችን ባዳ አይደለም። የጳጳሱ አይሳሳቴነት በቀኖና የተደነገገው በቫቲካን ጉባኤ በ1870 እ.ኤ.አ. መሆኑን እጨምራለሁ፤ ትምህርቱና ድንጋጌው የየራሳቸው ዘመን አላቸውና። የኛ መምህራን ጴጥሮስን ሊቀ ሐዋርያት እያሉ ያከብሩታል፤ ሥልጣኑን ግን ከሌሎቹ ሐዋርያት ጋር የተካፈለው ነው፤ ዓለቱም የመሰከረው እምነት ነው ይላሉ። ወንጌላውያኑ ዓለቱ ክርስቶስ ወይም ምስክርነቱ ነው፣ የመጨረሻው ዳኛም መጽሐፍ ነው ይላሉ።

ከጥንት አባቶችም ሁሉም በአንድ ቃል አልተረጐሙትም። ዮሐንስ አፈወርቅ ዓለቱን የምስክርነቱ እምነት ብሎ አስተምሯል። የሰሜን አፍሪካው አውግስጢኖስ በሕይወቱ ማብቂያ ላይ የቀድሞ ጽሑፎቹን መልሶ ሲመረምር፣ ዓለቱ ጴጥሮስ ነው ብሎ እንደ ነበር፣ በኋላ ግን ክርስቶስ ነው እንዳለ ጽፎ ምርጫውን ለአንባቢ ተወው። ይህን የምታነሡት ማንም «አባቶች ሁሉ እንዲህ ብለዋል» ብሎ ጠረጴዛ እንዳይመታ ነው።

ስለ መክፈቻው ኢሳይያስ 22፥22ን ሳታነቡ አታሳልፉት። የዳዊት ቤት መክፈቻ በኤልያቄም ጫንቃ ላይ ይደረጋል፤ እሱ ሲከፍት የሚዘጋ የለም። ወደ ላይ ስትወጡ ሹመቱ ከሌላ የቤት አዛዥ ተነጥቆ ነው የተሰጠው፤ ያኛው ለራሱ ከፍ ያለ መቃብር ሲያስወቅር ተገኝቶ ነበር። ወደ ታች ሦስት ቁጥር ስትወርዱም በታመነ ስፍራ የተተከለ ችንካር ይነቀላል ይላል። መክፈቻ የያዘ ሰው የቤቱ ጌታ እንዳልሆነ ነቢዩ በዚያ ዘመን ተናግሮታል። ራእይ 3፥7 ላይ የዳዊት መክፈቻ በክርስቶስ እጅ ነው።

ማሰርና መፍታት

ሙስሊሙ ልጅ አንድ ቀን «አቦ ጋሼ፣ ሥልጣን ሁሉ የኔ ነው ካለ ለምን ለሰው ያካፍላል?» አለኝ። የማቴዎስ 28፥18ን ነው ያነሣው። ወደ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ስንወጣ «የተጠራጠሩ ግን ነበሩ» የሚል አገኘን፤ ወደ ታች ደግሞ «እንግዲህ ሂዱና»። ማጥመቅና ማስተማር የተሰጠው በፊቱ ቆመው ለተጠራጠሩትም ጭምር ነው። ሥልጣኑ የእርሱ ሆኖ ይቀጥላል፤ እነሱ ይላካሉ፤ እርሱም እስከ ዓለም ፍጻሜ ከእናንተ ጋር ነኝ ይላል። ልጁ በዚህ ረካ አልልም፤ ጥያቄውን ግን ሁለት ሳምንት አላነሣውም።

«ቤተ ክርስቲያን» የሚለው ቃል በአራቱ ወንጌላት ውስጥ የሚገኘው በማቴዎስ ብቻ ነው፤ በምዕራፍ 16 እና 18። 18፥18 «በምድር የምታስሩት ሁሉ» ሲል ለብዙዎች ነው የተናገረው፤ ለጴጥሮስ ብቻ የሚሉትን እዚህ አምጧቸው። አምስት ወደ ላይ የጠፋችው በግ ተገኝታ ሰውዬው ደስ ይለዋል። አምስት ወደ ታች ጴጥሮስ ወንድሜን ስንት ጊዜ ይቅር ልበለው ብሎ ይጠይቃል፤ ሰባ ጊዜ ሰባት ይባላል። ማሰር በፍለጋና በይቅርታ መካከል ተቀምጧል። ሥርዓቱንም በቅደም ተከተል አስነብቡ፦ መጀመሪያ ብቻህን ንገረው፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ሆናችሁ፣ ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን። እኛ አገር ብዙ ጊዜ ከሦስተኛው እንጀምራለን፤ የሰውዬው ነገር ሰፈሩን ሁሉ ከዞረ በኋላ ነው ራሱ የሚሰማው።

ዮሐንስ 20፥23ን በአጭሩ እለፉት፤ ኃጢአትን ይቅር የማለት ሥልጣን የተሰጠው መንፈስ ቅዱስን ተቀበሉ ተብለው፣ ፈርተው በራቸውን ለዘጉ ሰዎች ነው። ስለ ንስሐ አባት የሚነሣ ጥያቄ ቢኖር እዚሁ ይቀመጥ።

የሐዋርያት ሥራ 15ን በየድርሻ አስነብቡ

እኔ ከሁሉ የምወደው ምሽት ይህ ነው። ምዕራፉን አንድ ሰው አያንብበው፤ አከፋፍሉት። አንዱ ያመኑትን ፈሪሳውያን ይሁን፣ አንዱ ጴጥሮስን፣ አንዷ በርናባስንና ጳውሎስን፣ አንዱ ያዕቆብን፣ አንዱም ደብዳቤውን ያንብብ። እትዬን ጴጥሮስ አድርጌያቸው ነበር፤ ድምፃቸውን አወፍረው አነበቡት።

ሲነበብ ልብ እንዲሉ የምትነግሯቸው ይህን ነው። ጉዳዩ የተነሣው በአንጾኪያ ነው፤ አሕዛብ ሳይገረዙ ይድናሉ ወይ የሚል። ወደ ኢየሩሳሌም ተወሰደ። አሕዛብ ይገረዙ የሚሉትም ተናገሩ፤ ቁጥር 7 ብዙ ክርክር ሆነ ይላል። ጴጥሮስ ከአሕዛብ ወገን በሆነው በቆርኔሌዎስ ቤት ያየውን መሰከረ፤ በርናባስና ጳውሎስ በአሕዛብ መካከል የሆነውን ተረኩ፤ ያዕቆብ ከአሞጽ 9 ጠቅሶ ፍርድ ሰጠ። ቁጥር 22 ላይ ሐዋርያትና ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ጋር ተስማምተው ሰዎችን መረጡ። ቁጥር 28 ላይ ውሳኔው የመንፈስ ቅዱስና የእነሱ ሆኖ ተጻፈ። ያዘዙት ደግሞ ጥቂት ነው፤ ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከደም፣ ከታነቀና ከዝሙት መራቅ።

እዚህ ላይ ሦስቱም ወገን የየራሱን ያገኛል። ጴጥሮስ መጀመሪያ ከተናገሩት ነው፤ ፍርዱን የሰጠው ያዕቆብ ነው፤ ሚዛኑ መጽሐፍ ነው፤ ውሳኔው የጉባኤ ነው። አንዱን መዝዞ ሌላውን የሚጥል ሰው ምዕራፉን ሰብሯል። ቤተ ክርስቲያናችን ከጥንቱ የኒቅያ ጉባኤ ጀምሮ በጉባኤ የምትወስነው ከዚህ ተነሥታ ነው፤ በጸሎተ ሃይማኖትም «ወነአምን በአሐቲ ቅድስት ቤተ ክርስቲያን እንተ ላዕለ ኵሉ ጉባኤ ዘሐዋርያት» እንላለን፤ የሐዋርያት ጉባኤ በሆነች፣ ከሁሉ በላይ ባለች በአንዲት ቅድስት ቤተ ክርስቲያን እናምናለን ማለት ነው።

ደብዳቤው ሲያልቅ አታቁሙ። አምስቱ ወደ ታች አይበቃም፤ እስከ ቁጥር 40 ውረዱ። ከዚያ ታላቅ ስምምነት በኋላ ጳውሎስና በርናባስ በማርቆስ ምክንያት ተቈራረጡ፤ አንዱ ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ፣ ሌላው ሲላስን ይዞ ሄደ። ሉቃስ አልደበቀውም። ከዚያ 2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥11ን አስከፍቱ፤ ያው ጳውሎስ ማርቆስን አምጣልኝ፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል ይላል።

ይህ ማርቆስ ለኛ ሩቅ ሰው አይደለም። በትውፊታችን የእስክንድርያን መንበር የመሠረተው እሱ ነው። በአራተኛው ምእት ዓመት ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ለኢትዮጵያ ጳጳስ አድርጎ የሾመው የዚያው መንበር ፓትርያርክ አትናቴዎስ ነው። ከዚያ በኋላ ለአሥራ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ጳጳሶቻችን ከግብፅ ሲላኩ ኖሩ፤ በ1951 አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆኑ። ልጆቹ «ለምን ያን ያህል ቆየ?» ማለታቸው አይቀርም። አንዱ ምክንያት ፍትሐ ነገሥት በሚባለው የጥንት የሕግ መጽሐፍ ውስጥ የገባ አንቀጽ ነው፤ ኢትዮጵያውያን ከራሳቸው ሊቃውንት ፓትርያርክ እንዳይሾሙ የሚከለክል፣ በኒቅያ አባቶች ስም የተነገረ። ከኒቅያ ጉባኤ 20 ቀኖናዎች ውስጥ ግን እንዲህ ያለ የለም። በታላላቆች ስም የቀረበ ሰነድ ስንት ዘመን ሊያስር እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላገኘሁም፤ ስለዚህ «የት ተጽፏል?» ብሎ መጠየቅን ልጆቹ እንደ ድፍረት እንዳያዩት አደርጋለሁ።

ሁለቱ የጢሞቴዎስ ጥቅሶች

ኦርቶዶክሱና ካቶሊኩ 1ኛ ጢሞቴዎስ 3፥15ን ይወዳሉ፤ ቤተ ክርስቲያን የእውነት ዓምድና መሠረት ናት። ወንጌላዊው 2ኛ ጢሞቴዎስ 3፥16ን ይወዳል፤ የእግዚአብሔር መንፈስ ያለበት መጽሐፍ ሁሉ ለትምህርት ይጠቅማል። ጥቅሶቹን አለዋውጧቸው። የመጀመሪያውን ወንጌላዊው፣ ሁለተኛውን ኦርቶዶክሱ ከላይና ከታች ያንብብ።

በመጀመሪያው አምስት ወደ ላይ ዲያቆናት አስቀድመው ይፈተኑ ይላል፤ ወደ ታች ደግሞ ስለ ክርስቶስ በሥጋ መገለጥ ይናገርና ወዲያው አንዳንዶች ሃይማኖትን ይክዳሉ ይላል። ዓምዱ የሚሸከመው እውነት ክርስቶስ ነው፤ የዓምዱ አገልጋዮችም ይፈተናሉ። በሁለተኛው ወደ ላይ ሁለት ቁጥር ስትወጡ ጢሞቴዎስ ከማን እንደ ተማረ እንዲያስብ ይነገረዋል፤ ከሕፃንነቱም መጻሕፍትን ያውቃል፤ በመልእክቱ መጀመሪያ አያቱና እናቱ ተጠቅሰዋል። መጽሐፍ በእጁ የገባው በሰው በኩል ነው። ወደ ታች ደግሞ ጆሯቸውን የሚያሳክካቸው ሰዎች ለራሳቸው አስተማሪዎችን ያከማቻሉ ይላል፤ ይህ ሁሉንም ይነካል፣ እኛን ጨምሮ። የእህቴ ልጅና አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ በዚህ ምሽት ላይ ነበር ለመጀመሪያ ጊዜ አንዱ የሌላውን ጥቅስ ሳያቋርጡ የጨረሱት።

«ቄሱ ራሱ እንዲህ አድርጎ የለ?»

ይህ የማይቀር ነው፤ ተዘጋጁበት። ስም እንዲጠራ አትፍቀዱ። ማቴዎስ 23፥2–3ን አንብቡ፤ በሙሴ ወንበር የተቀመጡትን ቃላቸውን ስሙ፣ ሥራቸውን አትከተሉ ይላል። ዕብራውያን 13፥17 ለዋኖቻችሁ ታዘዙ ሲል በዚያው ቁጥር ውስጥ እነሱ ስለ ነፍሳችሁ ስሌት የሚሰጡ መሆናቸውን ይናገራል። 1ኛ ጴጥሮስ 5፥3 መንጋውን እንዳይገዙት ያስጠነቅቃል። ሐዋርያት ሥራ 20፥28 ለሽማግሌዎቹ መንጋውን አደራ ይሰጣል፤ አምስት ወደ ታች ውረዱ፤ ቁጥር 33 ላይ ጳውሎስ ከማንም ብር ወይም ወርቅ ወይም ልብስ አልተመኘሁም ይላል። ገላትያ 2፥9 ላይ ዓምዶች ከተባሉት አንዱ ኬፋ (ጴጥሮስ) ነው፤ ቁጥር 11 ላይ ጳውሎስ በፊቱ ተቃወመው። አዕማድነቱ ግን አልተሻረም። ሉቃስ 22፥26ንም ከዚህ ጋር ያዙት፤ ማን ይበልጣል የሚለው ክርክር የተነሣው የጌታ ራት ወዲያው እንዳለቀ ነው።

ያጠፋ አገልጋይ ጉዳይ በውነት ካለ በናንተ ግቢ አይዳኝም፤ ለዚህ የማቴዎስ 18 ሥርዓት አለ።

ክርክሩ ሲከርር መጽሐፉን አዘጋግቶ መነሣት ያምራል፤ አታድርጉት። ያልተቋጨውን ጥያቄ በደብተር ላይ በጠያቂው ቃል ጻፉት። እያንዳንዱ ወደ ራሱ ቤተ ክርስቲያን ይውሰደው፤ የኛዎቹ ለንስሐ አባታቸው፣ እትዬ ለቆሞሳቸው፣ የእህቴ ልጅ ለፓስተሩ። በሚቀጥለው ምሽት መልሱ ሲመጣ፣ ጥቅስ ካለው፣ መልስ ያመጣው ሰው ራሱ አምስት ወደ ላይ፣ አምስት ወደ ታች ያነብባል። ቄስም የሰጠው ቢሆን፣ ፓስተርም የሰጠው ቢሆን። በኛ ደብተር አሁን ተራ የደረሰው የሐዋርያት ሥራ 6 ነው፤ ሰባቱን የመረጠው ሕዝቡ፣ እጅ የጫኑባቸው ሐዋርያት፤ ታዲያ ሿሚው ማን ነው የሚል ጥያቄ ተጽፎበታል።